የፖሊስ ማስረጃ ካላመጣች አትስተናገድም ተባልን፤ ሕጉ ይህን ይጠይቃል?

ጠያቂ፦
ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር የ17 ዓመት የአክስቴ ልጅ በተቀጠረችበት ቤት ተደፍራ አርግዛለች። እንደ ታላቅ እህት ሆኜ ፅንሱን እንድታቋርጥ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ብወስዳት፣ መጀመሪያ ለፖሊስ አመልክታ ማስረጃ እንድታመጣና ዕድሜዋን በመታወቂያ እንድታረጋግጥ ነግረው መለሱን። መታወቂያ የላትም፤ ነገሩ ወላጆቿ ጆሮ ይደርሳል ብላም ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች። ዘጠነኛ ሳምንቷን ይዛለችና የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሕግ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ሕጉ ይህን አይጠይቅም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ቢከለክልም፣ አንቀጽ 551 እርግዝናው በመደፈር የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች፣ በጤና ተቋም የሚደረግ ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። በመደፈር ማርገዟን ለማስረዳትም የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ አንቀጽ 552 በግልጽ አስቀምጦታል። ደፋሪውን መክሰስ መብቷ ነው፤ ለሕክምናው ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

አዋላጅ ነርስ፦
የጤና ሚኒስቴር መመሪያም የነገረችንን ዕድሜ እንድንመዘግብ እንጂ ማስረጃ እንድንጠይቅ አያዝዘንም። ወረቀት የሚጠይቀው ባልደረባዬ አንዳንዴ ሕጉን በቅጡ ስላላነበበው፣ አንዳንዴ ደግሞ ነገ እጠየቃለሁ ብሎ ስለሚፈራ ነው፤ በእምነቱ ምክንያት እጁን ማስገባት የማይፈልግም አለ፤ ያ ባለሙያ ቢያንስ ወደሚሠራላት ሰው ሊልካት ይገባ ነበር። የሚያሳዝነኝ የተመለሰችው ልጅ ቤቷ ገብታ እርግዝናውን ተቀብላ አለመቀመጧ ነው፤ በሰው ምክር በስውር የተሸጠላትን ክኒን ወይም የሥር መድኃኒት ወስዳ፣ ደም እየፈሰሳትና ትኩሳት ይዟት ስትመጣ ደጋግሜ ተቀብያለሁ። ስለዚህ በምንም ምክንያት ወደዚያ እንዳትሄድ ጠብቂያት። እስከ 12 ሳምንት ድረስ በጤና ጣቢያ ደረጃ በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ ሊሠራላት ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ወደ ሆስፒታል መላክ ስለሚኖርባት ነገ ዛሬ አትበሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገ በጠዋት ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማትችል፣ ለብቻዋ እንዲያነጋግሯት መጠየቅ እችላለሁ?

አዋላጅ ነርስ፦
ትችያለሽ። ሴት ባለሙያ እንድታያትም ጠይቂ። ቃሏን በራሷ አንደበት ትስጥ፤ አንቺ ከበሩ ሳትርቂ ጠብቂያት።