ሲአር3 ፋይሎች ላይትሩም ላይ አልከፈት አሉኝ፤ ፎቶዎቹን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ጅማ ላይ ያነሳሁትን የሠርግ ፎቶ መክፈት አልቻልኩም። ከ600 በላይ ፋይሎች ከሚሞሪ ካርዱ ወደ ላፕቶፔ ተገልብጠዋል፤ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይትሩም ግን ፋይሉን እንደማያውቀው ከመናገር በቀር አንዱንም አያሳየኝም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ጄፔግ ብቀይረውም ለውጥ የለም። ካርዱ ሳይበላሽ ስላልቀረ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም እባካችሁ ጠቁሙኝ። ቤተሰቡ ለቅልቅሉ ትልቅ ሆነው የሚታተሙ 12 ፎቶዎችን ነገ ጠዋት ይጠብቃል።

ሚዜ፦
ወንድሜ፣ ሠርግ የሚደገም ነገር ስላልሆነ ካሜራው ሮውን (እንደ ሲአር3 ያለውን ያልተቀናበረ ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግን አንድ ላይ እንዲመዘግብ አድርጎ መውጣት ይገባ ነበር። ባልተለመደ ካሜራ ሥራ ከመቀበል በፊትም ቢያንስ አንድ ፎቶ አንስቶ፣ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶና አስተካክሎ እስከ ኅትመት መድረሱን ማረጋገጥ የሙያው ግዴታ ነው።

የሄርማታ ልጅ፦
ምክሩ ትክክል ነው፤ ለዛሬ ማታ ግን አይደርስም። ካሜራው ምንድን ነው? ላይትሩሙስ ስንተኛው ነው? ፎቶዎቹ በካሜራው ስክሪን ላይ ይታያሉ?

ጠያቂው፦
ካሜራው ከጓደኛዬ የተዋስኩት ካኖን ኢኦኤስ አርፒ ሲሆን ነገ ረፋድ ላይ እመልስለታለሁ። ላይትሩም 6 ነው። በስክሪኑ ላይ ሁሉም ጥርት ብለው ይታያሉ። የራሴ ካሜራ የሚያወጣው ሲአር2 ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

የሄርማታ ልጅ፦
እንግዲያው ካርዱም ፋይሉም ደህና ናቸው፤ እባክዎ ካርዱን ፎርማት እንዳያደርጉት፣ የፋይል መመለሻ ፕሮግራምም አያስፈልግዎትም። ካኖን የሲአር3 ፎርማትን የጀመረው በ2018 ሲሆን የላይትሩም 6 የመጨረሻ ማሻሻያ ግን የወጣው በታኅሣሥ 2017 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከእርሱ በኋላ የመጣን ፋይል ሊያውቅ አይችልም። ስም መቀየርም የፋይሉን ውስጥ ስለማይለውጥ የቀየሩትን ወደ ሲአር3 ይመልሱት። ከዚያ የአዶቤን ዲኤንጂ ኮንቨርተር በነጻ አውርደው ፋይሎቹን ላይትሩም 6 ሊከፍተው ወደሚችለው የአዶቤ ሮው ፎርማት፣ ወደ ዲኤንጂ ይለውጡ።

ቦዬ፦
ዲኤንጂ ኮንቨርተር ያውርዱ፤ በነጻ ነው። 600 ፋይል ለመለወጥ ጊዜ ስለሚወስድ አቦሉ ላይ ካስጀመሩት በረካው ላይ ይደርሳል፤ መቼም ጅማ ላይ ቡና አይታጣም።

ኅትመት ቤት፦
እኔ ግን ለሠርግ ሮው ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ጄፔግ ቢሆን ኖሮ ትናንት ማታውኑ ታትሞ ነበር፤ ደንበኛም ልዩነቱን አያይም።

ጠያቂው፦
ሙሽሮቹን ያነሳኋቸው ጅሬን፣ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ላይ ነው። ከውጭ የቀትር ፀሐይ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ጥላ ነበር። የቀሚሷ ጥበብ እንዳይነጣ ብርሃኑን ስቀንስ ፊቷ ጠቆረ። ያንን ፊት ማንሳት የምችለው ከሮው ነው ብዬ ነው።

የሄርማታ ልጅ፦
ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ብቻ ሲሆን 14 ቢት ሮው እስከ 16,384 ደረጃ ይይዛል፤ የጠቆረ ፊት ሲነሣ ቆዳው እንዳይቆራረጥና ቀለሙ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ይህ ትርፍ ነው። የነጣ ጥበብ ግን ከሮውም ቢሆን ላይመለስ ስለሚችል ብርሃኑን መቀነስዎ ጠቅሟል።

ሚዜ፦
ዲኤንጂ ኮንቨርተሩም ቢሆን ካሜራውን የሚያውቅ መሆን አለበት። አርፒ የወጣው በ2019 ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረ ኮንቨርተር ከሰው ላይ ቀድተው እንዳይደክሙ።

የጅሬን ልጅ፦
ማውረጃ ዳታ ባይኖርዎትም መውጫ አለ። ካሜራው በእጅዎ ሳለ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ ከፍተው በማሳያው ሜኑ ውስጥ ሮውን ወደ ጄፔግ የሚለውጠውን ምርጫ ይፈልጉ። ብርሃኑንና የነጭ ሚዛኑን እዚያው በመጠኑ አስተካክለው እንደ አዲስ ጄፔግ ያስቀምጡታል፤ ሮው ፋይሉም አይነካም። ለ600 ፎቶ አድካሚ ነው፤ ለ12 ግን ይበቃል። ባትሪውን አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ።

ቦዬ፦
ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነው መፍትሔው።

ጠያቂው፦
አንዱን የበረንዳ ፎቶ በካሜራው ለውጬ አየሁት፤ ተከፍቷል፤ ፊቷም ትንሽ ወጥቷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይበልጥ ለማንሳት ኮንቨርተሩንም እያወረድኩ ነው።

የሄርማታ ልጅ፦
ሲጭኑት በምርጫዎቹ ውስጥ ተስማሚነት የሚለውን (ዲኤንጂው በየትኞቹ የቆዩ የአዶቤ ፕሮግራሞች እንደሚከፈት የሚወስነውን) ወደ ካሜራ ሮው 7.1 ዝቅ ያድርጉት፤ እንደተቀመጠ ቢተዉት ላይትሩም 6 ዲኤንጂውንም ላይቀበለው ይችላል። በቅድሚያ አንድ ፋይል ብቻ ለውጠው ይሞክሩና ከዚያ ሌላውን ያስከትሉ።

የጅሬን ልጅ፦
ካርዱስ የማን ነው? ከካሜራው ጋር የሚመለስ ከሆነ ሲአር3 ፋይሎቹ ከላፕቶፑ ሌላ ሁለተኛ ቦታ ላይ ተገልብጠዋል?