አንድ ከርነል ለሦስት ዓይነት ማሽን እንዴት ይዘጋጃል?

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ 54 ነው። ከ2 ዓመት ወዲህ የኮምፒውተር ላቡ ቁልፍም እኔ እጅ ላይ ነው። ማሽኖቹ ከተለያየ ቦታ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር ያላቸው 6 ዴስክቶፖች አሉ። 11 አሮጌ ላፕቶፖች አሉ፤ ፔንቲየም ኤም ናቸው፣ ራማቸው 512 ሜጋባይት። 4 ራስቤሪ ፓይ 4 ቦርዶችም አሉን።

የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በወሬ ብቻ እንዲያውቁት አልፈለግሁም። የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም ፕሮግራሞችንና ሃርድዌሩን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት፣ ራሳችን ኮምፓይል እናድርግ (ከሶርስ ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ እንቀይር) ብለን ተነሳን። እትም 6.6ን አወረድን። የታመቀው ፋይል ወደ 140 ሜጋባይት ስለሆነ ዳታችን ቻለው።

አንዱ ዴስክቶፕ ላይ ሜክ ሜኑኮንፊግ ብዬ ወደ ምርጫዎቹ ዝርዝር ገባሁ። ከርነሉ ቀለል እንዲል ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ሞጁል አደረግሁት፤ ዋይ (ከርነሉ ውስጥ አብሮ የሚገባ) የነበረውን ኤም (ለብቻው ተቀምጦ ሲያስፈልግ ከዲስክ የሚጫን) አልኩት ማለት ነው። ኮምፓይሉ ሌሊቱን ሙሉ ሄደ። መብራትም ሁለት ጊዜ ጠፋብን። ጠዋት ሲያልቅ ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ያንኑ ከርነል በፍላሽ ወደ ሦስቱም ዓይነት ማሽን ወሰድነው።

ዴስክቶፑ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። ከርነል ፓኒክ ይላል፤ ሩት ፋይል ሲስተሙን (ሲስተሙ ያለበትን ዋናውን የዲስክ ክፍል) ማግኘት አልቻልኩም፣ አንኖውን ብሎክ 0,0። ላፕቶፑ ደግሞ ገና ሳይጀምር፣ ይህ ከርነል 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ ያገኘሁት ግን አይ686 (32 ቢት) ነው አለ። ራስቤሪ ፓዩ ምንም አላለም። ባለቀስተ ደመናው ስክሪን ላይ ቀረ።

ልጆቹ ምክንያቱን ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሥሩ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ጥቁር ስክሪን

ሰላም መምህር። ለዕለት ሥራ ከሆነ እንዲህ ባይደክሙ ይሻላል። ዴቢያን 12 የሚባለውን ዝግጁ ሊኑክስ ይጠቀሙ። ለዴስክቶፑ ኤኤምዲ64 የሚለውን ከርነል፣ ለላፕቶፑ ደግሞ 686 የሚለውን ይጫኑ። 686-ፒኤኢ የሚለውን ይተዉት (ፒኤኢ 32 ቢት ፕሮሰሰር ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም እንዲጠቀም የሚያደርግ ችሎታ ነው)፤ ከፔንቲየም ኤም ብዙዎቹ ፒኤኢ የለኝም ብለው ነው የሚናገሩት። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ ከርነል ማዘጋጀት ስላቆመ ለላፕቶፖቹ አይሆንም። ለፓዩ ራስቤሪ ፓይ ኦኤስ ይበቃዎታል።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለዕለት ሥራ እንዳልከው አደርጋለሁ። ግን ልጆቹ ለምን እንዳልሠራ ሳያውቁ ዝግጁውን ብጭንላቸው ቅር ይለኛል።

ሽቦና ቦርድ

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ለኔትወርክ ዕቃዎች ከርነል ማዘጋጀት ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ።

የሶርስ ኮዱን ፎልደር ከልጆቹ ጋር ይክፈቱና አርች የሚለው ውስጥ ይግቡ። ከ20 በላይ ፎልደሮች ያያሉ። ኤክስ86፣ አርም፣ አርም64፣ ሪስክ ቪ፣ ፓወርፒሲ፣ ኤስ390 እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ማለት ይቻላል የአንድ ፕሮሰሰር ቤተሰብ ነው። ከሁሉም በፊት የሚመረጠው ይሄ ነው። ሜኑኮንፊግ ውስጥ የሚያዩት ዝርዝር ራሱ በዚህ ምርጫ ይለያያል። አርች የሚለውን ካልሞሉለት ኮምፓይል የሚያደርጉበትን ማሽን ይወስዳል። እርስዎ ዴስክቶፑ ላይ ስለሠሩ የወጣው 64 ቢት ኤክስ86 ነው። ላፕቶፑ 32 ቢት ብቻ ስለሚያውቅ ቢያንስ ችግሩን መናገር ቻለ። ፓዩ ግን ከመጀመሪያዋ ትእዛዝ ጀምሮ ምንም የሚገባው ነገር አላገኘም። ዝም ያለው ለዚህ ነው።

ፕሮሰሰሩ ብቻ ደግሞ አይደለም። ፒሲ ላይ ከርነሉ ሃርድዌሩን መጠየቅ ይችላል። ፒሲአይ በሚባለው መሰኪያ ላይ የተሰካ ካርድ ማን ነህ ሲሉት ቁጥሩን ይናገራል። የቀረውን ኤሲፒአይ የሚባለው የፈርምዌር (ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ፕሮግራም) ሰንጠረዥ ይነግረዋል። ስሙን ሲጠይቁት ብድግ ብሎ እንደሚመልስ ተማሪ ያስቡት። አርም ቦርድ ላይ ግን ብዙው ዕቃ ቢጠይቁትም አይመልስም። ሲሪያል ወደቡ፣ የኤስዲ ካርዱ መቆጣጠሪያ የትኛው አድራሻ ላይ እንዳለ ለከርነሉ በጽሑፍ መስጠት ያስፈልጋል። መምህሩ ስም መጥሪያውን ይዞ ክፍል እንደሚገባው ነው። ያ ስም መጥሪያ ዲቫይስ ትሪ ይባላል። መጨረሻው ዲቲቢ የሆነ ፋይል ነው። ፓዩ ላይ ከከርነሉ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ድሮ ይህ ሁሉ ለየቦርዱ ከርነሉ ውስጥ በኮድ ይጻፍ ነበር። ኮዱ እጅግ ተዝረክርኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ተቆጥቷል። በ2012 መጨረሻ የከርነሉ እትም 3.7 ሲወጣ ነው አንድ የአርም ከርነል ብዙ ዓይነት ቦርድ ላይ መነሳት የቻለው። አርም64ም የገባው በዚያው እትም ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለሦስቱ ማሽኖች ሦስት የተለያዩ ፎልደሮች ይክፈቱ። ሜክ ሲሉ ኦ እኩል ይሆናል ብለው የፎልደሩን መንገድ ይስጡት። ሶርሱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ለየብቻ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሶርሱን በሜክ ሚስተርፕሮፐር አጽዱ ይልዎታል፤ ትእዛዙ ሲጻፍ ኤምአርፕሮፐር ነው። ኮንፊግ ፋይልዎን ስለሚያጠፋው አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡት።

ለዴስክቶፑ ሜክ ዴፍኮንፊግ ይበሉ፤ ከሶርሱ ጋር የሚመጣውን መነሻ ምርጫ ይሞላልዎታል። ፓኒኩ የመጣው ዲስኩን የሚያነበው ድራይቨር ሞጁል ስለሆነ ነው። ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩን ለመክፈት ደግሞ ሞጁሉ ያስፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ማለት ነው። የሳታው ድራይቨር ኤኤችሲአይና ፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ዋይ መሆን አለባቸው፤ ወይም ኢኒትራምኤፍኤስ (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ራም ውስጥ የሚዘረጋ፣ ሞጁሎቹን የያዘ ትንሽ ፋይል ሲስተም) ያዘጋጁ። ዴፍኮንፊግ ሁለቱንም ዋይ አድርጎ ነው የሚሰጥዎ።

ለላፕቶፑ አርች የሚለውን አይ386 ያድርጉ። ያው የዴስክቶፑ ኮምፓይለር ይሠራል። ፕሮሰሰር ፋሚሊ ላይ ፔንቲየም ኤምን ይምረጡ። ሃይ ሜሞሪ የሚለውን ኦፍ ያድርጉት፣ ለ512 ሜጋባይት አያስፈልግም። ፒኤኢንም አያብሩ።

ለፓዩ አርች አርም64 ይሆናል። ዴስክቶፑ ላይ ኮምፓይል ለማድረግ የኤአርች64 (የ64 ቢት አርም) ክሮስ ኮምፓይለር፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ሆኖ ለሌላ ዓይነት የሚሠራውን፣ ከዴቢያን ይጫኑና ክሮስ ኮምፓይል የሚለው ላይ ስሙን እስከ መጨረሻዋ ሰረዝ ድረስ ይስጡት። ሶርሱን ከራስቤሪ ፓይ ድርጅት የራሱ ቅጂ ቢወስዱ ይቀላል። ሲያወርዱ ዴፕዝ 1 ይበሉ፣ አለበለዚያ የዓመታት ታሪኩ በሙሉ ይወርድና ዳታዎን ይጨርሳል። ቢሲኤም2711 ዴፍኮንፊግ የፓይ 4 ነው። የወጣውን ከርነል በነባሩ ከርነል8 ላይ አይጻፉበት። ሌላ ስም ሰጥተው ኮንፊግ ቴክስት ፋይል ውስጥ ከርነል እኩል ይሆናል ብለው ያንን ስም ይጻፉ። ካልተነሳ ያቺን መስመር አጥፍተው ወደ ነባሩ ይመለሳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የአንዱን ቦርድ ኮንፊግ ለሌላው ወሰድኩ። የድሮውን ኮንፊግ ይዞ የጎደለውን በነባሪ ምርጫ የሚሞላውን ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ አልኩ። እሱ ለማያውቀው ምርጫ ስህተት ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። የሲሪያሉ ድራይቨር በዚያ ወደቀ። 2 ቀን ሙሉ ጨለማ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ቦርዱ ተበላሽቷል ብዬ ለአለቃዬ እስከ መናገር ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከቦርዱ ከራሱ ዴፍኮንፊግ ነው የምነሳው።

ወይን አምባ

ሰላም መምህር። እኔም የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጎንደር። ስለ መብራቱ ልንገርዎ። ሜክ ያለቀለትን ፋይል ደግሞ አይሠራም፤ መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ይስጡት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ግን በመጥፋቱ ቅጽበት ይጻፍ የነበረ ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያኔ መጨረሻ ላይ ፋይሎቹን አንድ ላይ ሲያያይዝ (ሊንክ ሲያደርግ) ፋይሉን አላወቅሁትም ይላል። መጠናቸው 0 የሆኑትን ነጥብ ኦ ፋይሎች (ኮምፓይል የተደረጉትን ቁርጥራጮች) ፈልገው ያጥፉና እንደገና ያስኬዱ።

ሌላው፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሜክ ሎካልሞድኮንፊግን ይሞክሩ። ላፕቶፑን በዝግጁ ከርነል አስነስተው ኤልኤስሞድ የሚያወጣውን የተጫኑ ሞጁሎች ዝርዝር በፍላሽ ወደ ዴስክቶፑ ያምጡ። ኤልኤስሞድ እኩል ይሆናል ብለው ያንን ፋይል ሲሰጡት በሥራ ላይ ያልነበሩትን ሞጁሎች ያስወጣል። ዝርዝሩን ከመውሰድዎ በፊት ግን ማውሱን፣ ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን ሁሉ ይሰኩ። እኔ ፕሪንተሩን ረስቼ ለፈተና ሰሞን አስቸግሮኛል።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዴስክቶፖቹ 6ቱም ተነስተዋል። ፓዩ ዓርብ ከሰዓት ተነሳ። አንዲት ተማሪዬ የማሽኑን ዓይነት የሚናገረውን ዩኔም የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታ ኤአርች64 የሚለውን ስታነብ ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። ስም መጥሪያ ያልከውን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ከላፕቶፖቹ 9ኙ ሠርተዋል። የ2ቱ ሀርድ ዲስክ ሞቷል።

የቀረኝ የላፕቶፖቹ ዋይፋይ ነው። ኢንቴል 2200 ይላል። የዲስኩን ትምህርት ይዤ ድራይቨሩን ዋይ አድርጌው ነበር፣ ግን ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም) አላገኘሁም ይላል። ፋይሉ እኮ ዲስኩ ላይ አለ።

ሽቦና ቦርድ

እንኳን ደስ አለዎት መምህር! እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዋይ ያደረጉት ድራይቨር ዲስኩ ገና ሳይከፈት ይነሳል። ፈርምዌሩን ሲፈልግ ፎልደሩ የለም። የዋይፋዩን ድራይቨር አይፒደብሊው2200ን ወደ ኤም ይመልሱት። ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ይጫናል፣ ፋይሉንም ያገኘዋል።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)

ገባኝ። ሰኞ ጠዋት ከልጆቹ ጋር እንለውጠዋለን።