ገበሬው የራሱን እርከን ለምን ያፈርሳል?

ጀማሪው
ሰላም ለሁላችሁ። የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ ገና ነው። በዘመቻ የተሠራ የአፈር እርከን ክረምቱ ሳይወጣ አንዳንዱ ማሳ ላይ ፈርሶ አገኘዋለሁ። ጎርፍ አይደለም ያፈረሰው፣ ማረሻ ነው። ስብሰባ ላይ ብትጠይቋቸው ሁሉም "ጥሩ ነው" ይላሉ። አፈሩ ታጥቦ እያለቀ እንደሆነም ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። መሥሪያ ቤት ስናገር "ግንዛቤ ፍጠር" እባላለሁ። ምኑን ነው የምፈጥረው? ልምዱ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የድሮ ቴክኒሻን
ግንዛቤውን ለሪፖርት ተወውና አንድ ቀን ሲያርሱ ቁጭ ብለህ እይ። የኛ ማረሻ አፈሩን አይገለብጥም፤ ሰንጥቆ ያልፋል። በሁለት ትልም መሃል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ለዚህ ነው ሁለተኛው እርሻ (ድግሙ) የመጀመሪያውን (ገመሳውን) አቋርጦ የሚታረሰው። አሁን እዚያ መሃል እርከን አስገባበት። ጥማዱ ሽቅብ ሊወጣ ሲል እርከኑ ይገታዋል። ሰውየው ሞፈሩን አንስቶ፣ በሬዎቹን አዙሮ፣ እንደገና ይጀምራል። የእርከኑ ጥግ ጥጉ ሳይታረስ ይቀራል። ሳይታረስ የቀረው አረም ያበቅላል፣ አይጥ ይራባበታል። አይጡ ደግሞ የሚበላው የዚያኑ ሰው ሰብል ነው።

መሬቱም አለ። ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር እርከኖቹ ይቀራረባሉ፣ የሚበሉት መሬትም ይበዛል። ማሳው ጠባብ የሆነ ሰው የዘንድሮን እህል ቀንሶ ነው ለወደፊት የሚቆጥበው። የሚበላው ግን ዘንድሮ ነው።

ታሪኩን አትርሳ። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ። 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው ፈረሰ። ሥራው ለስንዴና ለዘይት ሲባል የተሠራ ነበር፤ "የኔ ነው" የሚለው ሰው ጥቂት ነበር።

የገበሬ ልጅ
ወንድሜ፣ እኔ ከማሳው ወገን ልናገር። አባቴ ያፈረሰው ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ስለሆነ ነው። እርከኑ ድፍን ነበር፣ ውሃውን ያቁራል። ከእርከኑ በላይ ያለው ሰብል ቢጫ ሆኖ ቀረ። መውጫ ሲያበጅለት ደግሞ ውሃው የጎረቤት ማሳ ላይ ወረደ። በሽማግሌ ነው የተፈታው። ለደረቅ አገር የተሠራ ንድፍ ደጋ ላይ ሲመጣ እንዲህ ነው። አባቴ ፈሰስ (የውሃ መውረጃ ቦይ) ማውጣቱን ከአያቴ ነው የተማረው፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የጠየቀው ግን የለም።

ደግሞም መሬቱን የሚያርሰው ሁሌ ባለመሬቱ እንዳይመስልህ። አሮጊቶችና አቅመ ደካሞች ምርቱን ሊካፈሉ ለሌላ ሰው የእኩል ይሰጣሉ። የእኩል ያረሰ ሰው ለከርሞ ሊነጠቅ ለሚችል መሬት ድንጋይ ሲሸከም ይውላል? እንዲያው ለነገሩ፣ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ለእርከን የሚደረገው ጥገና ከፍ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጀማሪው
ጋሼ፣ የበሬው ነገር ገብቶኛል። ታዲያ ኮንሶዎችስ እንዴት ቻሉበት? ያንን የድንጋይ እርከን ማንም አላስገደዳቸውም።

የድሮ ቴክኒሻን
ጥሩ ጠየቅህ። ኮንሶ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ለዚሁ ሥራ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሁሉም ይጠቅሰዋል። የማይጠቀሰው ግን እርከናቸው ላይ በአብዛኛው በእጅ እየቆፈሩ እንጂ በበሬ እንደማያርሱ ነው። ከብታቸውንም አስረው ይቀልባሉ። መዞሪያ የሚፈልግ ጥማድ የለም፣ እርከኑን የሚረግጥ ከብትም የለም። የኛ ሰፈር ግን አዝመራ ከተነሳ በኋላ ከብቱ ሁሉ ይለቀቃል። ብቻህን እርከንህ ላይ ሣር ብትተክል የመንደሩን ከብት ቀለብክ ማለት ነው። ስለዚህ ልቅ ግጦሹ ሳይነካ ሣር ትከሉ ማለት ቀልድ ነው።

ከብቱ ከተያዘ ግን ደሾ ወይም የዝሆን ሣር እርከኑን ያድነዋል። ገበሬው የሚጠብቀው አፈሩን ብሎ ሳይሆን መኖውን ብሎ ነው፤ ይሁን። ቤኒን ውስጥ ሙኩና የሚባለውን የባቄላ ዘር ተመራማሪዎቹ ያመጡት ለአፈር ለምነት ነበር። ገበሬው የወደደው ግን አስቸጋሪ ሣር ስለገደለለት ነው። ኬንያ ላይ በቆሎ ውስጥ ደስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል፣ ዳር ዳሩን የዝሆን ሣር የሚተከልበት ዘዴም አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል ለመከላከል ታስቦ ነው የመጣው። ላም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚቆጥረው መኖውን ነው።

የገበሬ ልጅ
አንድ ነገር ልጨምር። ማፍረስ ሁሉ እምቢታ አይደለም። ከእርከኑ ጀርባ ጥቁር አፈር ይከማቻል። አባቴ አንዳንዱን የሚንደው ያንን ወርቅ ማሳው ላይ ለመበተን ነው። ሌላ ቦታ መልሶ ይሠራዋል።

የድሮ ቴክኒሻን
ትክክል። አንዱን ንደው አንዱን የሚተዉም አሉ። ስለዚህ ነገ ስትወጣ የቀሩትን ተመልከት፤ የትኞቹ ናቸው፣ ምን ያህልስ ይራራቃሉ? ያ ርቀት የበሬው ልክ ነው። ከመመሪያህ ጋር አስተያየውና ልዩነቱን ለአለቃህ አሳየው።

ጀማሪው
ሜትር የለኝም፤ በእርምጃ ቢሆን ያስኬዳል?

የድሮ ቴክኒሻን
ርቀቱን በእርምጃ ለካው። ተዳፋቱን ግን በውሃ ልክ መሣሪያ ለካው፤ እሱን በዓይን እንዳትገምት።