ቫሰርኩፐ እና የዊንች አነሳስ፦ ገመዱ 80 ሜትር ላይ ቢበጠስስ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት ላለን ሰዎች ቫሰርኩፐ ቅርብ ነው፤ ልጄም ግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) መማር ትፈልጋለች። ሁለት ነገር አስረዱኝ። ጀርመን ስንት ተራራ እያላት የግላይደር ስም ከዚህ ተራራ ጋር የተያያዘው ለምንድን ነው? ሌላው፣ በዊንች (ገመድ በሚጠቀልል ማሽን) ሲጎተት አፍንጫውን ሰቅሎ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ገመዱ 80 ሜትር ላይ ቢበጠስ ፓይለቱ ምን ያደርጋል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ከመሬቱ እንነሳ። ቫሰርኩፐ የሮን ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው፣ 950 ሜትር። አናቱ ገላጣ ሣር ነው። ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ተዳፋቱን ሲገጭ መሄጃ ስለሚያጣ ሽቅብ ይወጣል። ግላይደር በአየሩ ውስጥ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ አየሩ ራሱ ከዚያ በፈጠነ ሽቅብ ከወጣ ግን ይዞት ይነሳል። ዛሬ ለማሠልጠኛ በብዛት የሚያገለግለው ባለ ሁለት መቀመጫው ASK 21 በሰከንድ 0.7 ሜትር ያህል ይወርዳል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚወጣ አየር ካገኘ ከፍታ ይጨምራል።

የዳርምሽታት ተማሪዎች ከ1911 ጀምሮ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ሞክረዋል፤ በ1912 ሃንስ ጉተርሙት 838 ሜትር በረረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል በሞተር አውሮፕላን ሥራ ላይ ጥብቅ ገደብ ሲጥል፣ የ«ፍሉግስፖርት» መጽሔት አዘጋጅ ኦስካር ኡርሲኑስ በ1920 ሞተር ለሌላቸው ውድድር ጠራ። አሸናፊው ክሌምፐረር አየር ላይ የቆየው 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 1922፣ ማርተንስ «ቫምፒር» በተባለው ግላይደር ከአንድ ሰዓት በላይ በረረ፤ ሄንትሰን በዚሁ ግላይደር ሦስት ሰዓት አለፈ።

ልዩነቱን ያመጣው ክንፉ ነው። «ቫምፒር»ን የሠሩት የሃኖቨር ሰዎች አንድ ዋና ወጋግራ ብቻ አድርገው፣ ከወጋግራው ፊት ያለውን ክፍል በስስ ጣውላ አለበሱት። ጣውላው እንደ ቱቦ ሆኖ ክንፉ እንዳይጠመዘዝ ያዘው። ስለዚህ ክንፉን ረጅምና ቀጭን አድርጎ፣ ውጪ ካሉ ማገሮችና ሽቦዎች ነጻ ማድረግ ተቻለ። ለእኔ የዚያ ተራራ ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ የሰዓቱ ሪከርድ ተከትሎት የመጣ ነው። በ1926 ደግሞ ማክስ ኬግል ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ተስቦ ገብቶ 55 ኪሎ ሜትር ርቆ አረፈ። ከዚያ በኋላ ፓይለቶች ከተዳፋቱ ሌላ ደመናውንም ማየት ጀመሩ።

መልስ 2
ስለ ገመዱ እኔ ልመልስ። ዊንቹ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው፤ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ግላይደሩ ከገመዱ ርዝመት አንድ ሦስተኛ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይደርሳል፣ ማለትም ከ350 እስከ 450 ሜትር። መጀመሪያ ገመዱ ቀስ ብሎ ይሳባል። እስኪወጠር ሳይጠበቅ ኃይል ከተሰጠ ግላይደሩ በድንገት ይነጠቅና የረገበውን ገመድ በላዩ ላይ ያልፍበታል፤ ገመዱ ጎማው ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ሲንደረደር የፓይለቱ ግራ እጅ ከቢጫው የገመድ መልቀቂያ አይርቅም። የአንዱ ክንፍ ጫፍ ወርዶ ሣር ሊነካ ከሆነና ማቅናት ካልቻለ ወዲያው ይለቃል። ክንፉ ሣር ከያዘ ግላይደሩ ዞሮ ይገለበጣል፣ ለዚህ አንድ ሰከንድም አይፈጅበትም።

አሁን መበጠሱ። አፍንጫው 40 ዲግሪ ሽቅብ እያለ ገመዱ ሲሄድ፣ በየሰከንዱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይጠፋል። በ100 እየወጣ የነበረ ግላይደር ሁለት ሰከንድ ከዘገየበት የክንፉ ጉልበት የሚያልቅበት አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ መሪውን ወደፊት ገፍቶ አፍንጫውን ከአድማስ በታች ማውረድ፤ ፍጥነቱ ለማረፊያ የሚሆነው፣ 90 ወይም 100፣ እስኪደርስ መጠበቅ፤ ከዚያ የቀረ ገመድ ካለ መልቀቂያውን መሳብ። የአየር ብሬክም (ክንፉ ላይ ተከፍቶ ግላይደሩን ቶሎ የሚያወርደው) ሆነ መታጠፍ ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አፍንጫው ወርዶ ሲያይ «ዳንኩ» ብሎ ብሬኩን ይከፍታል። አፍንጫው ይውረድ እንጂ ፍጥነቱ ገና አልተመለሰም፤ ማሳያውም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። መርፌው 90 አልፎ ሲረጋ እስኪያይ ድረስ እጁን መያዝ አለበት።

መልስ 3
ስለ ማያያዣው አንድ ነገር ልጨምር። በገመዱና በግላይደሩ መካከል፣ ጭነቱ ሲበዛ ቀድሞ እንዲበጠስ ተብሎ የተሠራ ትንሽ የብረት ቁራጭ አለ። ቀለሙ ጥንካሬውን ይናገራል፦ ጥቁር 1000 ዴካኒውተን (አንድ ቶን ገደማ)፣ ቡናማ 850፣ ቀይ 750፣ ሰማያዊ 600፣ ነጭ 500። የትኛው እንደሚገባ የግላይደሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ASK 21 ከወረደ በኋላ ቀላል ባለ አንድ መቀመጫ ተራው ከደረሰና ማንም ቀለሙን ካልቀየረ፣ ማያያዣው ክንፉን መጠበቁ ቀረ ማለት ነው። ገመዱን የሚያያይዘው ሰው ቀለሙን ጮክ ብሎ ይናገር፣ ፓይለቱም ይድገም። ቀዳዳው የተለጠጠ ወይም ጎኑ የተሰነጠቀ ካዩ ይጣል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ከፍታ ዞሮ ወደ መነሻው መመለስ አይቻልም? ልጄ 14 ሊሞላት ነው፣ ዕድሜዋስ ይፈቅዳል?

መልስ 2
80 ሜትር ላይ ከሆነና ፊት ለፊት ሜዳ ካለ፣ ቀጥ ብሎ ማረፍ ነው። ግማሽ ዙር ሲዞር ከፍታ ይበላል፣ ነፋሱም ከኋላ ይሆንና መሬቱ በፍጥነት ይመጣል። ያኔ ሰው ሳያውቀው አፍንጫውን ይጎትታል፤ በዝቅታ ክንፍ ጥሎ መሽከርከር የሚመጣው ከዚህ ነው። ስንት ሜትር ላይ ቀጥታ፣ ከስንት በላይ አጭር ዙር እንደሚደረግ የሚወስነው የሜዳው ርዝመትና የዕለቱ ነፋስ ነው። ፓይለቱ ገመዱ ከመያያዙ በፊት ውሳኔውን አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ዕድሜዋ ይፈቅዳል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ14 ዓመት በአስተማሪ ቁጥጥር ብቻዋን መብረር ትችላለች፣ ፈቃዱ የሚሰጠው በ16 ነው። ልትመዘግባት ስትሄድ ክብደቷን ለአስተማሪው ንገር። እያንዳንዱ ግላይደር ፊት መቀመጫው ላይ ዝቅተኛ ክብደት አለው፣ ቁጥሩም እዚያው ከፊቷ ተለጥፎ ይገኛል። ካነሰች የሚጎድለው በብረት ወይም በእርሳስ ሚዛን ይሞላል እንጂ «ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ አፍንጫው ከቀለለ ጅራቱ ይከብዳል፣ ሽክርክሪት ውስጥ ከገባች መውጣቱ አስቸጋሪ ይሆናል።