ሁለተኛዬን ቤት ልውለድ ወይስ ሆስፒታል? (ኮምቦልቻ ነኝ)

የኮምቦልቻዋ፦

ሰላም እህቶቼ። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ሁለተኛ ልጄ ነው። ቤታችን ኮምቦልቻ፣ ከአየር ማረፊያው ወዲያ ነው። ሳላስረዝም ልንገራችሁ፣ ቤት መውለድ እፈልጋለሁ። ባሌ እምቢ ብሏል። አማቴ ደግሞ «እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል» ብለዋል። በሰፈሩ የታወቁ የልምድ አዋላጅ ናቸው፣ ግማሹ ጎረቤት የተወለደው በእሳቸው እጅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጥታ «እማማ፣ ከእንግዲህ ምጥ የያዛትን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው ይምጡ እንጂ ቤት አያዋልዱ» ካለቻቸው ወዲህ ትተውት ነበር፣ ለእኔ ሲሉ ግን ሊመለሱበት ነው። ሆስፒታል የሚል ቃል ካነሳሁ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ዝም ያሰኙኛል።

ለምን ቤት እንዳልኩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዬን የወለድኩት ሆስፒታል ነው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። እናቴንና ባሌን በር ላይ አስቀሯቸው። ብቻዬን ነበርኩ። ምጡ በርትቶ ስጮህ አንዷ «ያኔ ስትስቂ ነበር፣ አሁን ምን ያስጮህሻል» አለችኝ። ከራስጌዬ ግድግዳው ላይ «ሩኅሩኅና አክባሪ አገልግሎት» ምናምን የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ አንዱ ጥግ ተላቆ በነፋስ ይርገበገባል። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የልጄ ፊት ሳይሆን ያ ወረቀት ነው። ከዛ ደግሞ ተማሪዎች ገቡ፣ ስድስት ይሁኑ ሰባት እንጃ፣ አንዳቸውም ስማቸውን አልነገሩኝም፣ አንዳቸውም ይቻላል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ወላሂ ያንን በር ሳስበው ሆዴ ይታመሳል። ቤት ብሆን አማቴ ጀርባዬን ያሹኛል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሴቶቹ ዱዓ ያደርጉልኛል፣ ጎረቤታችንም ማርያም ማርያም ትልልኛለች። ቤት የወለዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ስብከት ግን ይቅርብኝ።

ጦሳ ስር፦

እናቴ ዘጠኝ ልጅ የወለደችው ቤት ነው፣ ወረኢሉ ገጠር ውስጥ። የሆስፒታል በር አታውቅም። ምጥ በሽታ አይደለም፣ የዘመኑ ሰው ፈሪ ሆኖ ነው። አማትሽ ካወቁበት ምን አስጨነቀሽ?

አዋላጇ፦

ወንድሜ፣ ዘጠኛችሁም አላችሁ?

ጦሳ ስር፦

ስድስት ነን።

አዋላጇ፦

ያለፉትን ነፍስ ይማር። ላሳዝንህ ብዬ አልጠየቅኩህም፣ የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ ይሄው ስለሆነ ነው። ስለ ፍርሃቱ ካነሳህ ግን፣ በአገራችን በፈረንጆቹ 2000 ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ልጆች አንጻር 871 እናት ትሞት ነበር። በ2016ቱ ጥናት 412 ሆኗል። ለቁጥሩ መውረድ ፍርሃቱም የራሱ ድርሻ አለው።

እህቴ፣ ወዳንቺ ልመለስ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የተባልሽው ነገር ነውር ነው። ባልደረቦቼ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኔም ብሆን ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ ሊነጋ ሲል ከአፌ የወጣ ነገር አለ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ሆስፒታል ሁሉ ማር ነው አልልሽም። ሁለት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ግፊትሽ ስንት ነው? የመጀመሪያሽን ስትወልጂስ ደም በዝቶብሽ ነበር?

የኮምቦልቻዋ፦

ግፊቴ ደህና ነው፣ ባለፈው 110 በ70 ተብያለሁ። ደሙ አዎ፣ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በዝቶብኝ ነበር። አንድ ከረጢት ደም ሰጥተውኛል። እሱ ግን አለፈ፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚህኛው ጋር ምን ያገናኘዋል?

አዋላጇ፦

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብሽ ይሄንን ነበር። እየተቆጣሁሽ አይደለም፣ አብሽሪ። ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ወጥቶ የእንግዴ ልጁ ሲከተል ማህፀን ወዲያው መጨበጥ አለበት። እምብርትሽ አካባቢ እጄን ሳደርግ እንደ ብርቱካን ጠንክሮ ላገኘው ይገባል። እንደ ሊጥ ከላላብኝ ደሙ አይቆምም። ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ፣ ማለትም ትንሿ ሃይላንድ አንድ ሙሉ፣ እኛ ዘንድ በዝቷል ይባላል። አንሶላና አሮጌ ነጠላ ላይ ሲፈስ ግን ግማሽ ሊትር ያን ያህል አይመስልም፣ ቤት ውስጥ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው፣ «የወሊድ ደም ነው፣ ይውጣላት» እየተባለ ጨርቅ ይቀየራል። አንዴ የበዛባት እናት ደግሞ በሚቀጥለውም የመብዛት ዕድሏ ከሌላዋ ይበልጣል። ልጁ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭን ላይ የምንወጋው መርፌ ለዚህ ነው፣ ኦክሲቶሲን ይባላል፣ 10 ዩኒት። ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እሱ ካልበቃ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ጉሉኮስ አለ፣ በእጅ የምንሠራው አለ፣ በመጨረሻም ደም ነው። ደም ባንኩ ያለው ደሴ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ሐረጎን ሽቅብ፣ ያውም ጉም ካልወረደ። ደሙ ካልቆመ ደግሞ ጤነኛ የነበረች ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። አይቻለሁ፣ አልዘረዝረውም።

የአማትሽ እጅ ያውቃል፣ አልጠራጠርም። እኔ ራሴ ጀርባ ማሸት የለመድኩት ከአንዲት አሮጊት ነው እንጂ ኮሌጅ አላስተማሩኝም። እሳቸው የሌላቸው መርፌውና ደሙ ነው። ስለዚህ ይዘሻቸው ነይ። በክትትልሽ ቀን «አማቴ አብረውኝ ይገባሉ ወይ» ብለሽ ከአሁኑ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅትም እናት የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። የሚከለክሉሽ ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፣ አልጋዎቹ መሀል መጋረጃ ከሌለ ለሌሎቹ እናቶች ተብሎ ነው፣ ሴት ዘመድ ሲሆን ይቀላል። ተማሪ ሲመጣ አልፈልግም ማለት ትችያለሽ። ቁጢጥ ብዬ ወይም ተንበርክኬ ላምጥ ማለትም ትችያለሽ። ካርድሽ ላይ ደግሞ «በመጀመሪያው ደም በዝቶባት ደም ተሰጥቷታል» የሚል መጻፉን ዓይተሽ አረጋግጪ፣ ካልተጻፈ አስጽፊ፣ ምክንያቱም የዛን ሌሊት የሚረከብሽ ሰው አያውቅሽም።

የሰኞ ገበያ እናት፦

እኔ ቤት ወልጃለሁ፣ ግን ወድጄ አይደለም። ኅዳር 2014 ነው፣ ደሴ። የዚያን ጊዜውን ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ሆስፒታሉም ተዘርፏል። ምጡ የመጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ በሻማ አዋለዱኝ። እትብቱ የተቆረጠበትን ምላጭ በሻይ ማንቆርቆሪያ ሲቀቅሉት አሁንም ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ብረቱ ብረቱን ሲመታ ቅጭል ቅጭል ይላል። ከውጭ ተኩስ ይሰማል፣ እኛ ቤት ውስጥ ደግሞ እልል እንዳንል አፋችንን ይዘናል። ሴት ልጅ ነበረች፣ ሦስት እልልታ ቀረባት ብዬ ያኔ ያለቀስኩት በዚህ ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ስንት የሚያስለቅስ ነገር እያለ።

በሰላም ወለድኩ፣ ልጄም አሁን ኬጂ ገብታለች። ሰው ሲያየኝ «ይኸው አንቺም ቤት ወልደሽ ምን ሆንሽ» ይለኛል። ምን እንደሆንኩማ እኔ አውቃለሁ። እትዬ እስኪነጋ ድረስ በየደቂቃው አንሶላውን እየገለጡ በሻማ ሲያዩ ነበር፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ደህና የሆንኩት ደህና ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ቀጣዩን ሆስፒታል ወለድኩ። አዋላጇ ቁጡ ነበረች፣ ፍራሹም ቀዳዳ ነበር። አልተቀየምኩም።

ለንደን ያለሁ የደሴ ልጅ፦

ከዚህኛው ወገን የተለየ ነገር ልጨምር። እዚህ ብዙ ባይሆኑም ቤት የሚወልዱ አሉ፣ እኔም ሁለተኛዬን ሳሎኔ ውስጥ ነው የወለድኩት። በጣም ደስ የሚል ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን «ቤት» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እይልኝ። ሁለት አዋላጆች መጡ። አንዷ ሻንጣ፣ አንዷ የኦክስጅን ሲሊንደር ተሸክማለች። አዋላጇ እህታችን ያለችው ዓይነት መርፌ ፍሪጄ ውስጥ ከወተቱ አጠገብ ነበር። አምቡላንስ ከተጠራ ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ነው።

በፈረንጆቹ 2011 እንግሊዝ ውስጥ 64 ሺህ ገደማ ወሊድ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ሁሉም እዚህ ይጠቅሱታል። ጤነኛ እርግዝና ያላቸውን ብቻ ነው ያነጻጸሩት። ሁለተኛና ከዛ በላይ ለሚወልዱት ቤት መሆኑ በሕፃኑ ላይ ለውጥ አላመጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወልዱት ግን በሕፃኑ ላይ አደጋው ከፍ ብሏል፣ ቤት እንወልዳለን ካሉት 100 የመጀመሪያ እናቶች ደግሞ 45ቱ መጨረሻቸው ወደ ሆስፒታል መወሰድ ነበር። «እኔም እኮ ሁለተኛዬ ነው» እንዳትዪ። የእኔ አዋላጅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ልክ እህታችን የጠየቀችሽ ነበር፣ ስትወልጂ ደም በዝቶብሽ ያውቃል ወይ የሚል። አዎ ብላት ኖሮ ሆስፒታል ግቢ ትለኝ ነበር።

ባለ ባጃጅ፦

ሴቶች ውስጥ ገባሁ ይቅርታ። አንዴ ባጃጄ ውስጥ ተወልዷል፣ ቦርከና ድልድይ ሳንደርስ። ወንድ ነው፣ በስሜ አልሰየሙትም እንጂ 😄። ቁም ነገሩ፣ ሌሊት እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜ አለ፣ እኛን አያሳልፉንም፣ አምቡላንስ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የአምቡላንሱን ስልክ ከጤና ጣቢያው አሁኑኑ ውሰዱ፣ የሹፌሩንም ጭምር። ባልሽ ደግሞ ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ሦስት ጓደኞቹን ከወዲሁ ያናግር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰው ሲፈልግ የሚዞር ባል ስንቱን አይቻለሁ።

የኮምቦልቻዋ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ትላንት ማታ ለአማቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የሰኞ ገበያዋ ጋ ስደርስ «እሰይ የኔ ልጅ» አሉ፣ ደሙ ጋ ስደርስ ግን ቡናውን አስቀመጡት። ደም መሰጠቴን አያውቁም ነበር፣ ያኔ «ትንሽ ደክሟታል» ነው የተባሉት። ለምን ደበቅሽኝ ብለው ተቆጡኝ። ከዛ ብዙ ዝም አሉና «በእኔም እጅ አንዷ እንደዛ ሆናብኝ ነበር» አሉ። ከዛ በላይ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጠዋት ራሳቸው ቀድመው ተነሱብኝ። ደሴ ሆጤ አክስት አለችኝ፣ ዘጠነኛው ወር ሲገባ እሷ ጋ ልሄድ ነው፣ ከዛ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። አማቴም አብረውኝ ይወጣሉ። አሁን ጭቅጭቃችን የደሴ ብርድ ሆኗል። «አራስ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥታ ደሴ ትተኛለች?» እያሉ ከአሁኑ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ አስረዋል፣ የገብስ ዱቄቱንም እያስፈጩ ነው። ያንን በር ግን አሁንም እፈራዋለሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አዋላጇ፣ ገንፎ ማስገባት ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለዋል።

አዋላጇ፦

ገንፎው ይገባል፣ ከወለድሽ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት እዛው ስለምትቆዪ ያስፈልግሻልም። ክዳን ባለው ሳህን ይሁን፣ ቅቤው በብርድ እንዳይረጋ ከሁለቱ ጋቢ በአንደኛው ይጠቅልሉት። ካርድሽን አትርሺ። እጣን ግን ማዋለጃ ክፍል አይገባም፣ ይሄን ከአሁኑ ንገሪልኝ፣ ኋላ በር ላይ እንዳንጣላ።