ጥቆማ፦ በወሎ መኪና ሳይጋፋን ሜዳ ላይ ብስክሌት የምንነዳው የት ነው?

ከኔዘርላንድስ ለዕረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ደሴ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ «ሜዳ የሆነ፣ ዛፍ ያለበት፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ የት አለ? ብስክሌት መንዳት አማረኝ» አለችኝ። እሷ የለመደችው ደ ሆኸ ቬሉወ የሚባለውን ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ 1,800 ያህል ነጭ ብስክሌቶች ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁ፣ የመግቢያውን የከፈለ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አንዱን አንሥቶ በጥዱና በአሸዋው መካከል በተዘረጋው የብስክሌት መንገድ እንደ ልቡ ይነዳል። ይህንኑ ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግመው የጠየቁኝ ስላሉ፣ ከእሷ ጋር በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞከርናቸውን ቦታዎችና ዕቃዎች አነጻጽሬ ጽፌያለሁ።

ሜዳውን፣ ዛፉንና ጸጥታውን በአንድ ላይ የያዘ ቦታ በወሎ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ከሦስቱ የትኛውን ለመተው እንደምትፈቅዱ ወስኑ። ብሔራዊ ፓርክ የሚለውን ስም ብቻ ይዛችሁ ወደ ቦረና ሳይንት ብትሄዱ፣ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ይህ ስፍራ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ድንቅ ቦታ ቢሆንም ዳገትና ገደል ስለሆነ፣ የሚታየው በእግር እንጂ በብስክሌት አይደለም። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደንም ጥላው ልብ የሚያርስ ነው፤ ሽቅቡ ግን ብስክሌቱን ለመግፋት እንጂ ለመንዳት አያመችም።

ዛፉን መተው ለሚችል ሰው ቀዳሚ ምርጫዬ ቆቦ ነው። ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ሰሜን የሚገኘው ይህ ሜዳ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከልለውት፣ ዐይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ የማሽላ አገር ነው። ወደ አላማጣ በሚያልፈው ዋና አስፋልት ላይ መንዳትን አልመክርም፤ ከከተማው ወጣ ብላችሁ በእርሻዎቹ መካከል የሚያልፉትን የገጠር መንገዶች ያዙ። እኛ በኅዳር መጀመሪያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን እስከ 3 ሰዓት ስንነዳ፣ ያገኘናቸው ወደ ማሳቸው የሚወርዱ ገበሬዎች፣ ግመል የሚነዱ ሁለት ልጆችና አንድ ባጃጅ ብቻ ነበሩ። ማሽላው በዚያ ወር ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን፣ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ ከመንገዱ ዳር ጥላ ይጥላል፤ የአክስቴ ልጅም «ይህ እኮ ደን ነው» ብላ አሳቀችኝ። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ሙቀቱ አይቻልም፤ ከደጋ የወረደ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ሳይዝ አይውጣ። በክረምት ደግሞ ጭቃው ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል፣ የጎሊናና የሆርማት ወንዞችም ከተራራ ድንገት ሞልተው ስለሚወርዱ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

የቆቦ ትልቁ ጣጣ የግራር እሾህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት ጊዜ ጎማ ተበሳብን። ከተማው ውስጥ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ስንደርስ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ካላማዳሪያውን ነፍቶ በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እያዞረ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ያዘና፣ በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ማስቲሽ ቀብቶ ለጠፈው። ከዚያ ሥራውን የጨረሰ መስሎኝ ገንዘብ ሳወጣ፣ «ቆይ ጋሼ» ብሎ የጎማውን ውስጠኛ ክፍል በጨርቅ ዳሰሰና እዚያው ተሰክታ የቀረችውን የእሾህ ጫፍ በፒንሳ ነቅሎ አሳየኝ። እሷን ሳያወጡ መልሰው የሚገጥሙ ጠጋኞች ስላሉ፣ ቆማችሁ ይህ መደረጉን ተመልከቱ።

ዛፍ ካልኖረ መንዳት አይጥመኝም የሚል ሰው ወደ ሐይቅ ይሂድ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ ሆኖም መንገዱ ወጣ ገባና ጠመዝማዛ፣ የጭነት መኪናም የሚበዛበት ስለሆነ፣ ብስክሌቱን በሚኒባስ አስጭናችሁ ከሐይቅ ከተማ ብትጀምሩ ይበጃል። ከከተማው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ እየተመላለሱ ካልነዱት በቀር ጠዋትን አይሞላም። ይሁን እንጂ ውኃው በአንድ ወገን፣ የገዳሙ ጥንታዊ ዛፎች ከፊት ሆነው የሚታዩበት ሌላ መንገድ አላውቅም። ወደ ገዳሙ ሴት እንደማትገባ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ቀርታ ሁለቱንም ብስክሌቶች ስትጠብቅ፣ እኔ ተሳልሜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በዳርቻው የበላነው የዓሣ ጥብስ ቅሬታዋን አስረስቷታል።

ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል ወደ ጨፋ የሚወርደውን መንገድ ብዙ ሰው ያወድሰዋል፤ የቦርከና ሸለቆ ለምለምነትና በበጋ የሚሰበሰበው ከብት በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን የአዲስ አበባ አውራ ጎዳና ነው። እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ ካልሆነ አትሞክሩት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ በዚሁ መንገድ ታች ያለችው ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ሲሄዱ የቀለለው ሲመለሱ እንደሚከብድም አትርሱ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደውን የጂቡቲ ተሳቢዎች መንገድ ግን ጨርሶ ተዉት።

ስለ ብስክሌቱ፦ ለቆቦ ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ወፍራምና ባለ ጥርስ የሆነውን ማውንቴን እመርጣለሁ፤ ካላማዳሪያው በትንንሽ ከተሞችም ይገኛል። የአክስቴ ልጅ በሰው በኩል ያገኘችው ኮርስ (ባለ ቀጭን ጎማ የውድድር) ብስክሌት በአስፋልት ላይ ክንፍ ያለው ይመስላል፤ በኮረኮንች ላይ ግን ቸርኬው በሁለተኛው ቀን ተጣመመ፣ ልኩን የያዘ ትርፍ ጎማም በዞርንበት ሁሉ አጣን። ፊኒክስ የሚባለው የቻይና ብስክሌት ከባድና ማርሽ የሌለው ቢሆንም በሜዳ ላይ አያሳፍርም፤ ዕድሜዬ ገፍቷል የሚል ሰው ቀጥ ብሎ የሚቀመጥበትን እሱን ይያዝ።

በኪራይ የምትወስዱ ከሆነ መታወቂያችሁን ከማስያዛችሁ በፊት ፍሬኑን ራሳችሁ ሞክሩ። እኔ ስሙን ከማልጠራው አከራይ በችኮላ ወስጄ፣ በመጀመሪያው ቁልቁለት የኋላው ፍሬን ጎማው አልቆ ብረት ለብረት ሲፋጭ ሰማሁ፤ የቆምኩት በጫማዬ ነው። ስመልስለት «አንተ አበላሸኸው» ብሎ ተጨማሪ ሊያስከፍለኝ ሞከረ፤ ስለዚህ በእጅ ስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ለስንቅ የሱቅ ብስኩትና በሶን አወዳድረናል። ብስኩቱ በሙቀት ያስጠማል፤ በሶ በስኳር ተበጥብጦ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲያዝ ግን እስከ ረፋድ ያደርሳል።

ከደሴ ቆቦ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ስለማይመች አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ፤ የዕለቱንም የመንገድ ሁኔታ ከሹፌሮች ጠይቁ። ብስክሌቱን ፖርቶ መጋላ ላይ ስታስጭኑ ፔዳሉን ፍቱ፣ የማዳበሪያ ከረጢትም አልብሱት፤ የእኔን ከጎኑ የታሰረ የሽንኩርት ጆንያ እስከ ደሴ ድረስ ሲፍቀው መጥቶ ቀለሙን ገሽልጦታል።