ጥያቄ፦ የኪራይ ውሉን በሁለት ዋጋ እንድፈርም ተጠየቅሁ

እኅታችሁ ከቱሉ ዲምቱ፦

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለ17 ዓመታት በሜሪላንድ በነርስነት ስሠራ ቆይቼ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ አገር ቤት መጥቻለሁ። ያረፍኩት ከእናቴ በወረስኩት የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስለምመለስ ቤቱን ማከራየት አለብኝ፤ ባለፉት አራት ዓመታት በውክልና ሲያከራይልኝ የነበረው የእኅቴ ባል ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደላላው፣ የእኅቴ ባልና አዲሷ ተከራይ መጡ። ደላላው ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንደኛው የወር ኪራዩን 8,000 ብር ይላል፤ በላስቲክ ክላሰር ገብቶ ወደ ወረዳ የሚሄደው እርሱ ነው። ሁለተኛው 18,000 ብር ይላል፤ እርሱን ደግሞ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አወጣውና ‹ይኼ በእኛ መካከል የሚቀር ነው› አለኝ። እስክሪብቶውን ሳላነሳ ስዘገይ የእኅቴ ባል ‹እንዲህ የማያደርግ አከራይ ካለ አሳዪኝ› ብሎ ተቆጣ። በኋላ እንደገባኝ ደግሞ እኔ ሳልመጣ አስቀድሞ የሦስት ወር ኪራይ 54,000 ብር ከተከራይዋ ተቀብሏል።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው። ሻዬ ውስጥ ወተት እንዳይገባብኝ ስጠነቀቅ የሰነበትኩ ሴት ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ወረቀት ላይ ብፈርም ጾሜ ምን ሊባል ነው እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የተከራይዋ ጥያቄ ነው። የሁለት ልጆች እናት የሆነች መምህርት ናት። ወንዶቹ እየተሟገቱ ሳለ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ‹እውነተኛው ዋጋ ወረዳ ከገባ ግብሩን በእኔ ላይ ይጨምሩብኛል?› አለችኝ። እስከዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ ራሴ ሕሊና ብቻ ነበርና የምመልሰው አጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ሒሳብ ሠራተኛው ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽ መንፈሳዊ ቢሆንም እኔ የማውቀውን የሕጉን ወገን ልንገርሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ስለዚህ የእኅትሽ ባል የተቀበለው የሦስት ወር ገንዘብ በራሱ ከሕጉ የወጣ ነው።

ሁለተኛም፣ ወረዳው የሚያውቀው 8,000 ብሩን ብቻ ከሆነ ተከራይዋ ነገ ‹የተመዘገበው ውሌ ይኸው› ብላ ቀሪውን 10,000 ብትከለክልሽ የት ሄደሽ ትከሻለሽ? የኪራይ ጭማሪም እንደ አከራይ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ስለሆነ፣ ስሌቱ የሚነሣው ከተመዘገበው ዋጋ ነው። ‹የፈረመው እርሱ ነው› ብሎ ማምለጥም አይቻልም፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል በሥልጣኑ ልክ የፈጸመው ሥራ ወካዩን ያስገድዳል።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነው። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰድሽ የትም አገር ያገኘሽውን ገቢ በየዓመቱ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው። በኢትዮጵያ በሕጋዊ ደረሰኝ የከፈልሽው የኪራይ ገቢ ግብር እዚያ ከሚጠየቅብሽ ላይ ሊታሰብልሽ ይችላል፤ በ8,000 ብር ውል ከሸሸግሽው ግን እዚያ የግብር ቅጹን ስትሞዪ ወይ ድጋሚ ትዋሻለሽ፣ ወይ የራስሽ ወረቀት ይመሰክርብሻል። በውጭ አገር ባንኮች ያለሽ ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በአንዲት ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈም እርሱንም የማሳወቅ ግዴታ አለብሽ።

ዲያቆን ከፍራንክፈርት፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ባይኖርስ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የተጻፉት ሐናንያና ሰጲራ መሬት የሸጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ጴጥሮስ ‹ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?› ብሎ እንደ ጠየቀው፣ ገንዘቡን ለራሳቸው ማስቀረታቸው ብቻውን ኃጢአት ሆኖ አልተቆጠረባቸውም፤ የወደቁት የመሬቱን ዋጋ በመዋሸታቸው ነው። ሰጲራን ‹መሬቱን በዚህን ያህል ሸጣችሁትን?› ሲላት ‹አዎን› አለች። እኅታችን ወረዳው ጠረጴዛ ፊት ስትቆም የምትጠየቀው ይህንኑ ስለሆነ እኔ በበኩሌ የሚያጠራጥር ነገር አይታየኝም።

ወንድማችሁ ከሚኒያፖሊስ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚህ መድረክ ላይ ያለነው ሰዎች ስለ ሁለት ውል ለመስበክ አፋችን የሚከፈት አይመስለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከመወሰኑ በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ፣ ከባንክ ውጭ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይገኝ ነበር። ያን ጊዜ ለቤተሰቡ በባንክ ብቻ የላከ እጁን ያውጣ! እኔ አልላክሁም። አባቴ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ነበረበት፤ በባንኩ ዋጋ ብልክለት ኖሮ ሦስቱ ወደ ሁለት ይወርድ ነበር። ሱቅ ላለው ሰው ዶላሩን እዚህ እሰጠዋለሁ፣ ወንድሙ ቃሊቲ ላይ ብሩን ለእናቴ ይቆጥርላታል። ለራሱ ቤተ ሰዎች የማያስብ ከማያምን ሰው ይከፋል የሚለውስ የጳውሎስ ቃል አይደለምን? ዳዊትም በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን የመሥዋዕት ኅብስት በልቷል፤ ጌታም ይህንን አልነቀፈበትም።

ሒሳብ ሠራተኛው ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ፣ ስለ አባትህ ሕመም የሚፈርድብህ የለም። ነገር ግን ዳዊት ርቦት ነበር፤ በሜሪላንድ ደመወዝ የሚከፈላት እኅታችን አልራባትም። ያንተን ችግር ተውሶ የደላላውን ወረቀት ማጽደቅ አይቻልም። ደግሞም የባንኩ ዶላር አገሪቱ መድኃኒትና ነዳጅ የምትገዛበት ነበር፤ አባትህ የታጠበበት ማሽን ማጣሪያም በብር የሚገዛ ዕቃ አልነበረም።

ወንድማችሁ ከሚኒያፖሊስ፦

እንዲህ ያለውን ትምህርት አባቴ በሕይወት ሳሉ ቢነግሩኝ መልካም ነበር። እርስዎ ሒሳብ የሚያሰሉት በቢሮ ሙቀት ተቀምጠው ነው። እኔ በሌሊት ፈረቃ በመጋዘን ሥራ ላይ ቆሜ በየሐሙሱ እናቴ ‹ዛሬስ ደረሰ?› ስትለኝ የምመልሰውን አሰላ ነበር። ለእያንዳንዱ ነገር ጥቅስ መጥቀስ ይቻላል፤ ዕዳው የሚቆጠረው ግን በሰው ጀርባ ላይ ነው።

ዲያቆን ከፍራንክፈርት፦

ወንድሞቼ፣ በቃላችን እንጠንቀቅ። ለአባት የተላከ ገንዘብና ከግብር የተሸሸገ ኪራይ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ሆኖም ወንድማችን ባለቀው ነገር ላይ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገር እንጂ በእኛ መካከል ቢሟገትበት ዕረፍት አያገኝም።

የገላን ጎረቤት፦

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅልዬ ገብቼ እዚሁ ገላን የምኖር፣ ቀድሞ የስቶክሆልም ነዋሪ ነኝ። እናንተ ስለ ዶላር ስትከራከሩ የመምህርቷ ጥያቄ ተረሳ። እኔ ግን በየቀኑ የማየው እርሷን የመሰሉትን ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሐል ከተማ የሚሄደው ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ የአውቶቡስ ሰልፍ ይይዛል፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ መነሻው ደጃፋችን ቢሆንም ለእኛ የሚተርፈን የመኪናው ድምፅ ነው። ውኃ በሌሊት ስትመጣ ሊፍት በሌለው ሕንጻ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ተከራይ እንጂ ባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው።

መጽሐፍ ከጠቀሳችሁ አይቀር፣ ለእኛ ለተመላሾች የሚቀርበን ነህምያ ይመስለኛል። በፋርስ ንጉሥ ቤት ጠጅ አሳላፊ ሆኖ የኖረ፣ በደህና ኑሮ ላይ እያለ ወደ ፈረሰች ከተማው የተመለሰ ሰው ነው። ምዕራፍ 5 ላይ ሕዝቡ ‹እርሻችንንና ቤታችንን አስያዝን፤ ለንጉሡ ግብር ገንዘብ ተበደርን› ብሎ ሲጮኽ ታላላቆቹን ተቆጥቶ እርሻውን፣ ቤቱንና የወሰዱትን ወለድ እንዲመልሱ አስማላቸው። ራሱም ለ12 ዓመታት የገዥነት ቀለቡን አልበላም፤ ምክንያቱንም ሲናገር ‹በሕዝቡ ላይ ሸክም ከብዶ ነበርና› ይላል። ግብሩን ለመንግሥት በትክክል ከፍለን ያንኑ ግብር በመምህርቷ ኪራይ ላይ ብንደርበው፣ ወረዳው ፊት ንጹሕ ሆነን ቤታችን ውስጥ ግን በነህምያ ፊት የቆሙትን ታላላቆች እንሆናለን። እኔ በበኩሌ ጾም በሚመጣ ቁጥር የሚያስቸግረኝ ወተቱ ሳይሆን ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በስቶክሆልም ሳለሁ ረቡዕና ዓርብ የፋብሪካው ምሳ ቤት ገብቼ ‹አልበላም› ማለት ብቻውን ክርስትናዬን የሚናገር ይመስለኝ ነበር፤ አንድም ሰው ምን ያህል አከራይተህ፣ ስንት ከፍለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እዚህ ግን ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ መኝታ ቤቴ ይገባል፤ ከጎኔ ያለው ሰውም ስንት እንደማስከፍል ያውቃል።

እኅታችሁ ከቱሉ ዲምቱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከሚኒያፖሊስ፣ ስለ አባትህ ነፍስ ይማር።

ትናንት ማታ ለንስሐ አባቴ ስልክ ደወልኩ። ‹እውነቱን ጻፊ፣ ግብሩንም ክፈዪ› እንደሚሉኝ አውቅ ነበርና እርሱን ሰምቼ ልዘጋው ስል ‹ለመሆኑ ኪራዩን ስንት አደረግሽው? ማን ነው የተመነው?› ብለው ጠየቁኝ። የተመነው ደላላው ነው አልኳቸው፤ ዝም አሉ። የቀድሞው ተከራይ 13,000 ይከፍል እንደነበር ያወቅሁት ከዚያ በኋላ የእኅቴን ባል ስጠይቀው ነው። ኪራዩ በ5,000 ብር የዘለለው ‹ባለቤቷ ከአሜሪካ መጥታለች› ተብሎ ነው።

ዛሬ ጠዋት መምህርቷን ብቻዋን አስጠራኋት። ትንሹ ልጇ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ ባዶውን ሳሎን ከዳር እስከ ዳር ሲሮጥ፣ እኛ ወለሉ ላይ ተቀምጠን አንድ ወረቀት ጻፍን፤ 14,000 ብር፣ ሁለት ዓመት፣ ክፍያው በባንክ፣ ግብሩ በእኔ። ከ54,000 ብሩ ላይ የሁለት ወሩን 28,000 ይዤ 26,000 መለስኩላት፤ የእኅቴ ባል ‹ለደላላውና ለቧንቧ ጥገና አውጥቼዋለሁ› ስላለ ገንዘቡ የወጣው ለመመለሻዬ ካስቀመጥኩት ነው። እኅቴ ባሏን ሌባ እንዳስመሰልኩት ቆጥራ ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አታነሣም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳ እንገናኛለን። መምህርቷ ከመሄዷ በፊት ‹ከሁለት ዓመት በኋላስ?› አለችኝ፤ ለእርሱ መልስ አልነበረኝም።

ሒሳብ ሠራተኛው ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

መልካም አድርገሻል። ከነገ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ያለፉት አራት ዓመታትስ? የቀድሞው ውል በምን ዋጋ ነበር የተመዘገበው? ገቢውን ሳትገልጪ የአሜሪካውን የግብር ቅጽ ሞልተሽ ከሆነ ማስተካከያ ማቅረብ ይኖርብሻል። ዘኬዎስም ‹ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ› ያለው ስላለፈው ነው።

ወንድማችሁ ከሚኒያፖሊስ፦

ጋሼ፣ አንዲት ቀን እንኳ አያሳርፏትም?

እኅታችሁ ከቱሉ ዲምቱ፦

የለም፣ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ያሰብኩት እርሱን ነበር። ዛሬ ከሰዓት የእናቴን ሣጥን ከፍቼ ፋይሉን አወጣሁት። የተመዘገበው ውል 6,000 ብር ይላል። የ13,000 ብሩን ወረቀት የእኅቴ ባል ተከራዩ በለቀቀ ዕለት ቀዶ ጥሎታል፤ ኪራዩም በእጅ ይሰጥ ስለነበር የባንክ ደረሰኝ የለም። ላስተካክል ብል እንኳ ፋይሉ ውስጥ የቀረልኝ ማስረጃ ሐሰተኛው ብቻ ነው።